ዓባይነህ የሠራት ጨረቃ

ይትባረክ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጃንጥላውን ሲያራግፍ፣ እታገኝ ገና ፊቱን እንዳየች አንድ ነገር በሆዱ ይዞ እንደመጣ ገባት። ወትሮ ሲመጣ ከበሩ ጀምሮ ይቀልዳል፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን እያየ «ይህች አሮጊት ዛሬም በሕይወት አለች?» ሳይል አይገባም። ያን ቀን ግን ዝም ብሎ ገባና ከመደርደሪያው ፊት እንደ እንግዳ ቆመ።

«ምነው ቆምክ? ተቀመጥ እንጂ» አለችው በርጩማውን እየገፋችለት።

እታገኝ ቴፒ መናኸሪያ አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ትሸጣለች፣ ወረቀት ታባዛለች። ባሏ ዓባይነህ በካምፓሱ የኮምፒውተር ክፍል ባለሙያ ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይትባረክ እዚያው ካምፓስ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ከዓባይነህ ጋር አንድ ቢሮ የተጋሩ፣ ከአንድ ትሪ የበሉ ጓደኛሞች ነበሩ። ከቀብሩ በኋላ ወዳጅ ዘመዱ ቀስ በቀስ እግሩን ሲያሳጥር እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። ጣሪያዋ ሲያፈስ አናጢ ይዞ የመጣው እሱ ነው፤ በወባ ስትወድቅም ጤና ጣቢያ ያደረሳት እሱ ነው።

«እታገኝ፣» አለ በመጨረሻ፣ «የዓባይነህን ላፕቶፕ ፈልጌ ነበር።»

ላፕቶፑ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከሟቹ ኮት ሥር ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ነው። ከቀብሩ ወዲህ የከፈተው የለም።

«ለምንህ?»

«ለፎቦስ።»

ይህን ስም ከሰማች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

ፎቦስ ማርስን ከሚዞሩት ሁለት ጨረቃዎች አንዷ ናት። እንደኛዋ ጨረቃ ክብ አይደለችም፤ ከማሳ የተነቀለ ጎደሬ ነው የምትመስለው። ጎኗ ጎርባጣ ነው፣ አንዱ ጫፏም ላይ አንድ ትልቅ ጉድጓድ አለባት። ዓባይነህና ይትባረክ ለተማሪዎቻቸው ብለው፣ ሰው በኮምፒውተር ውስጥ እየበረረ ፕላኔቶችን ተጠግቶ የሚያይበት አንድ ፕሮግራም ጭነው ነበር። ፕሮግራሙ ለማንም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሰው ያሻውን ዓለም ሠርቶ ይጨምርበታል። ዓባይነህ ፎቦስን መረጠ። መጀመሪያ ቅርጿን፣ ገላዋን ሠራ። ከዚያ መንኮራኩሮች ካነሷቸው ፎቶግራፎች የተገጣጠመ የገጽ ሥዕል አገኘና፣ ቆዳ ከበሮ ላይ እንደሚወጠር፣ በገላዋ ላይ ሊያለብሰው ተነሣ። ሥዕሉ ግን አልገጥምም አለ። የጉድጓዱ ሥዕል ከጉድጓዱ ወጥቶ ዳገቱ ላይ ዋለ። ሌላውም እንዲሁ፤ አንዱ ብዙ ይርቃል፣ አንዱ ጥቂት።

እታገኝ ይህን ሁሉ የምታውቀው ወድዳ አይደለም። እሱ ይህን በጀመረበት ክረምት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። አራተኛ ወሯን ሳትደፍን ጽንሱ ጨነገፈባት። ዓባይነህ ሆስፒታል አብሯት አደረ፣ ደግፎ ወደ ቤቷ መለሳት፣ አጥሚት በእጁ አጠጣት። በዚህ አታማውም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱም ስለ ልጁ አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው። እሷ ዝም ስትል እሱም ዝም አለ፤ ዝምታው እየከረመ ሲሄድ ማን እንደሚሰብረው ጠፋ። እሱ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ከሥራ ሲመለስ ያቺን ጎደሬ ፊቱ ያቆምና አንዱን ጉድጓድ ከሥዕሉ ላይ ቆርጦ ያነሣል፣ ወደ ቦታው ገፋ ያደርገዋል፣ ጠርዙን ያለሰልሳል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ወራቱ እንዲህ አለፉ። «ምን እየሠራህ ነው?» ስትለው «ላለብሳት ነው» ይላታል። እሷ የምታየው ጀርባውን ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት መጣ። ደፉ ላይ ተቀመጠ። እሷ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ግቢውን እያየ፣ ለእሷም ለራሱም በማይመስል ድምፅ፣ «ከመነሻው ነው የተሳሳትኩት። አሁን ሁሉንም ማፍረስ ሊኖርብኝ ነው» አለ።

እታገኝ እጇ ጎመኑ ላይ ደረቀ። «ምኑን?» ብትለው ምን እንደሚመልስላት ያወቀች መሰላትና አልጠየቀችም። እሱም ሐሳብ ይዞት እንደሄደ ሰው ተነሥቶ ስልኩን አነሣ፣ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብዙ አወራ። ለእናቱ ነው ስትል አሰበች። ሚዛን ከተማ ላሉት እናቱ ሚስቱን ሊፈታ እንደሆነ እየነገራቸው ነው።

በማግስቱ ማለዳ ፕላኔቶቹን ለትምህርት ቤት ልጆች ሊያሳይ ወደ ጌጫ ሄደ። የኮንትራት ሚኒባሱ ዝናብ ባራሰው ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተርፈው እሱ አልተረፈም።

ያቺን ንግግር እታገኝ ለማንም አልነገረችም፤ ለንስሐ አባቷም ጭምር። ሚዛን በተቀበረበት ቀን ሰው ባሏን ያጣች ሴት ስታለቅስ አየ፤ እሷ ግን በልቧ የምታለቅሰው የተፈታች ሴት ሆና ነበር። አማቷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ አንገቷን አቅፈው ሲያለቅሱ እንኳ «ይህች ሴት ሁሉን ታውቃለች፤ ለሰው ስትል ነው የምታቅፈኝ» አለች በሆዷ። ለሙት ዓመቱ ታምሜያለሁ ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሚዛንን አልረገጠችም።

ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ነው እንግዲህ ያን ቀን ከይትባረክ ፊት የተቀመጠችው።

«ካምፓሱ ለተማሪዎች አንድ ክፍል እያዘጋጀ ነው» አለ ይትባረክ። «ግድግዳ ሙሉ አድርገን ፕላኔቶቹን እናሳያለን። የዓባይነህን ፎቦስ አወጣኋት። በትንሹ ስክሪን ያማረች ነበረች፤ ግድግዳ ላይ ስትሰፋ ግን… እታገኝ፣ ስሕተት አለባት። ዋናው ሥራ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ ከእሱ ላይ ላርማት ብዬ ነው።»

«ምን ማለት ነው ላርማት?»

«ሥዕሉ ላይ ያደረገውን ሁሉ ማንሣት አለብኝ። ከመጀመሪያው—»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ያን ሁሉ ወር ጀርባውን ሰጥቶኝ የሠራውን?» ድምጿ ከፍ አለ። ወረቀት ሊያባዛ ተራ ይጠብቅ የነበረ ሰው ዘወር ብሎ አያት። «ለከንቱ ነበር በለኛ! ልጄን አጥቼ ብቻዬን ስተኛ እሱ ከንቱ ነገር ሲቆርጥና ሲቀጥል ነበር በለኛ!»

«እኔ ለከንቱ አላልኩም።»

«ሌላ ስም ካለው ንገረኝ።»

«እታገኝ፣ አንድ ጊዜ አስጨርሺኝ—»

«ሞቶ እንኳ አይረፍ? ሂድልኝ ይትባረክ። በናትህ ሂድልኝ።»

ይትባረክ ጃንጥላውን አንሥቶ ወጣ። ዝናቡ እያካፋ ነበር፤ ጃንጥላውን ግን አልዘረጋውም።

ንዴቷ ሲበርድ ጸጸት ገባት። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሰው ከእሷ የጠየቀው ነገር ይህ ብቻ ነው። ደግሞም ሌላ ሐሳብ አላስቀምጥ አላት። ይትባረክ እሷን ፈርቶ ፎቦስን እንዲሁ ይተዋት ይሆናል። ያን ጊዜ የዓባይነህ ስም ከተበላሸ ሥራ ሥር ተጽፎ ግድግዳ ላይ ሊውል ነው፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሁሉ ሊስቅበት ነው። ከእሷ ጋር የነበረው ነገር ሌላ፤ በሙት ሥራ ሰው ሲስቅ ማየት ግን አትችልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ዘጋች፣ ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ ባጃጅ ያዘችና ካምፓስ ሄደች።

ይትባረክን ክፍሉ ውስጥ ወንበር ሲደረድር አገኘችው። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል። ስለ ሱቁ ጠብ አንዳቸውም አላነሡም።

«መጀመሪያ አሳየኝ» አለችው። «አይቼ ነው የምሰጥህ።»

መብራቱን አጠፋና ፎቦስን ግድግዳው ላይ አወጣት። እታገኝ ይህን ያህል ትልቅ ሆና አይታት አታውቅም። ግራጫ ናት፤ ከጨለማው ውስጥ ቀስ ብላ እየዞረች ወደ ሰው የምትመጣ ትመስላለች። ይትባረክ የፀሐዩን ብርሃን ከጎን አደረገው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥላ ጣለ።

«ይሄኛው ወገን እሱ የነካው ነው» አለ በጣቱ እያመለከተ። «ጉድጓዶቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ግን ዙሪያቸውን ተመልከቺ።»

እውነትም ዙሪያቸው ተጨማድዷል፤ በእጅ ተሰፍቶ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ይመስላል። ጨረቃዋ ስትዞር ያልነካው ወገን መጣ። እዚያ ጥላው አንድ ቦታ፣ ሥዕሉ ሌላ ቦታ ነው።

«ታዲያ ያልደረሰበትን አንተ ጨርሰው እንጂ። ለምን ታፈርሰዋለህ?»

«በዚህ መንገድ ስለማያልቅ ነው» አለ ይትባረክ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ቅርጿን የለኩት ሰዎች መቁጠር የጀመሩት ከአንድ መስመር ነው። ሥዕሉን የገጣጠሙት ደግሞ ከሌላ መስመር። ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ናቸው፤ መነሻቸው ግን አንድ አይደለም። ክብ ብትሆን ኖሮ ሁሉም ጉድጓድ እኩል ስለሚሸሽ በመጀመሪያው ቀን ይታየው ነበር። ይህች ግን ጎደሬ ናት። በወፍራሙ በኩል ብዙ ይሸሻል፣ በቀጭኑ በኩል ጥቂት። ስለዚህ እያንዳንዱ ለየብቻው የተበላሸ መሰለው፤ እያንዳንዱን ለየብቻው ሊጠግን ተነሣ። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።»

እታገኝ ግድግዳውን እያየች ቆየች። «እና ሳያውቀው ሞተ?»

«ኧረ ዐውቋል። ያን ቀን ሱቅ የመጣሁት ይህንንም ልነግርሽ ነበር፤ አላስጨረሽኝም እንጂ። ሊሞት ዋዜማ፣ አመሻሹ ላይ ደወለልኝ። እኔ ጅማ ሥልጠና ላይ ነበርኩ፤ መስመሩም እየተቆራረጠ አስቸገረን። ‹ይትባረክ፣ ከመነሻው ነው የተሳሳትኩት። አሁን ሁሉንም ማፍረስ ሊኖርብኝ ነው› አለኝ። እንዴት እንደሆነ ብዙ አስረዳኝ፤ ግማሹ አልተሰማኝም። ስመለስ እናየዋለን አልኩት።» ቀና ብሎ ጨረቃዋን አየ። «ስመለስ ለቀብሩ ነው የደረስኩት። ከዚያ በኋላ ፎቦስን ለማየት አቅም አጣሁ። ምን ሊለኝ እንደነበር በደንብ የገባኝ አሁን፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ሳያት ነው።»

«ምን አለህ?»

«እ?»

«በስልክ ያለህን። ቃሉን ድገመው።»

«ከመነሻው ነው የተሳሳትኩት፤ ሁሉንም ማፍረስ—»

«ከየት ሆኖ ነበር የደወለው?»

«ከቤት መሰለኝ። ውሻ ይጮህ ነበር።»

የጎረቤቷ ውሻ ነው። ሰው ወደ አጥሩ ጥግ በቀረበ ቁጥር የሚጮኸው። እታገኝ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ይትባረክ የበደላት መስሎት ብድግ አለ፤ እጇን አንሥታ አስቆመችው። ከዚያም ለሁለት ዓመት ከማንም የሸሸገችውን ነገር፣ ጎመኑን፣ ደፉን፣ ስልኩን፣ አማቷን፣ ሁሉንም እንደ መጣላት ነገረችው። ቃሉ እየተሰባበረ ነበር የሚወጣው። ይትባረክ አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

«ስለኔ ነበር የመሰለኝ» አለች በመጨረሻ። «ስለ ትዳራችን።»

ይትባረክ ሊያጽናናት ብሎ የማያውቀውን ማለት አልፈለገም።

«በልቡ የነበረውን ሁሉ ዐውቃለሁ ብልሽ እዋሻለሁ» አለ። «የዚያን ቀን ድምፁን ግን ሰምቼዋለሁ። ያዘነ ሰው ድምፅ አልነበረም። ሸክም ያወረደ ሰው ድምፅ ነበር። ‹በቃ፣ አሁንስ ማታ ማታ ከቤቴ ሰው ጋር እቀመጣለሁ› ብሎኛል። ይቺን በደንብ ሰምቻታለሁ።»

እታገኝ አለቀሰች። ይትባረክ ወደ መስኮቱ ሄዶ ጥቁሩን ጨርቅ የሚያስተካክል መሰለ። ልቅሶው ሲወጣላት ደግሞ ቁጣ ተከተለ።

«አንድ ቃል ቢጨምር ምን ነበረበት? ‹ፎቦስን› ቢል ምን ነበረበት? ሁለት ዓመት ይትባረክ! ሁለት ዓመት ሙሉ የተጣልኩ ሴት ሆኜ ኖርኩ!»

«አንቺስ ‹ምኑን?› ብትይው?» አለ ዘወር ሳይል። ወዲያው ደነገጠ። «ይቅርታ፤ እንዲህ ማለት አልነበረብኝም።»

«አይ፣ ልክ ነህ» አለች እታገኝ ዓይኗን እየጠረገች። «ሁለታችንም አፍ ነበረን።»

ላፕቶፑን ከነጠላዋ ፈትታ ሰጠችው። የይለፍ ቃሉን ነገረችው፤ የተጋቡበት ቀን ነበር። ይትባረክ ፋይሎቹን ሲከፍት ቆይቶ፣ «ቅርጿ ላይ አንዲት እንከን አላገኘሁም» አላት። «ገላዋ እሱ እንደሠራት ይቀራል፤ ስሙም ከሥሯ ይኖራል። የሚነሣው ሥዕሉ ላይ ያደረገው ጥገና ብቻ ነው። ካልሽኝ ግን ዛሬም እተወዋለሁ።»

«እሱም ሊያፈርሰው ነበር» አለች። «አፍርሰው።»

ይትባረክ የተጠጋገነውን ሥዕል አነሣና ያልተነካውን በቦታው አደረገ። ከዚያ በአንዲት መስመር ላይ ሁለቱን መነሻዎች የሚያገናኝ አንድ ቁጥር ጻፈ። ግድግዳው ላይ ያለችው ጨረቃ አንድ ጊዜ ጠፍታ ተመልሳ መጣች። ብርሃኑ ከጎን መታት። ትልቁ ጉድጓድ ከነጥላው፣ ትንንሾቹም ከነጥላቸው፣ በጎኗ የተሰመሩት ሰንበሮችም ሳይቀሩ፣ እያንዳንዱ ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

«ይኸው ነው?» አለች እታገኝ።

«ይኸው ነው።»

ያን ሁሉ ወር የፈጀ ነገር ክብሪት ተጭሮ እስኪጠፋ ያህል እንኳ አልወሰደም። እታገኝ ያስቃት ይሁን ያስለቅሳት አላወቀችም። ጨረቃይቱ አንድ ዙር እስክትዞር ድረስ ቆማ አየቻት፤ ከዚያ ደህና ዋል ብላ ወጣች።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ የሚዛን ሚኒባስ ተሳፈረች። ሸኮን ሲያልፉ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እየወረደ መንገዱን ተከትሏቸው ሄደ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦት ጫማ አጥልቀው ጭቃውን ያልፋሉ። ሚዛን ስትደርስ አንድ ሁለቴ ወደ መናኸሪያው ልመለስ አለች።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ከስተዋል። እታገኝን ሲያዩ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም እማዬ። እርስዎን ላይ ነው የመጣሁት።»

ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል ክንዷን ይዘው አነሷት። አስገቧት፣ አስቀመጧት፤ ምሳ ካልበላሽ አላወራም አሉ። በላች። ከዚያ ነገረቻቸው። ስለ ፎቦስና ስለ መነሻ መስመሩ ስትነግራቸው አሮጊቷ እምብዛም አልተከተሏትም። ስለ ስልኩ ስትነግራቸው ግን ቀና አሉ።

«ለእኔ የደወለ መስሎሽ ነበር?»

«አዎ እማዬ።»

«ዓባይነህ ያን ቀን አልደወለልኝም» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ። «ምነው ለኔ በሆነ ያ ስልክ! ምንም ይበለኝ፤ ድምፁን እሰማ ነበር።»

እታገኝ ተጠግታ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። ውጪ ሰው ያልፋል፤ ሬዲዮ ከጎረቤት ይሰማል።

«እኔስ» አሉ አሮጊቷ በኋላ፣ «ጠልታን ነው የቀረችው ብዬ ነበር። ለሰው ግን ታማለች እያልኩ ስሸፍንሽ ኖርኩ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበለን።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ቀጥለውም፣ ሲያብሰለስሉት የከረሙት ጉዳይ እንደሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «የመቃብሩ ሲሚንቶ በዝናቡ በአንድ ጎኑ ተሰንጥቋል። ግንበኛ ላምጣ እላለሁ፤ ብቻዬን መሄዱ ይከብደኛል» አሉ።

«ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«ሱቅሽስ?»

«ይዘጋ» አለች እታገኝ። ጫማዋን አወለቀችና እግሯን መደቡ ላይ ሰብስባ ተቀመጠች።